የመንገደኛ ካርታ፦ ምን ይግባበት፣ ምን ይቅር?

(ስለ ማስተማሪያ መርጃ መሣሪያዎች ለእጩ መምህራን የቀረበ ትምህርት)

በ2010 ዓ.ም. እናቴ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን የወንድሜን ልጅ አስከትላ ከቢቸና አዲስ አበባ ሄደች። ያረፉት መገናኛ አካባቢ ከዘመድ ቤት ነበር። ጎጃም በረንዳ ያለችውን እህቷን ለመጠየቅ ደግሞ በከተማው ባቡር መሄድ ነበረባቸው። እኔ እንግዲህ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ ባይ ነኝና፣ ከመነሣታቸው በፊት ሁለት ሌሊት አምሽቼ ካርታ ሠራሁላቸው። አውራ ጎዳናዎቹን፣ አደባባዮቹን፣ አብያተ ክርስቲያናቱን፣ የሐዲዱን ኩርባ ሁሉ ሳይቀር በመጠን በመጠኑ አሰፈርኩበት። ሰሜንን የሚያሳየው ቀስትም አልቀረም። ልጁ ማንበብ ይችላል፤ እናቴ ግን ፊደል አልቆጠረችም።

ማታውኑ በስልክ የሰማሁት ይህ ነው። ከመገናኛ ተሳፈሩ። ልጁ በየጣቢያው ስሙን እያነበበ ከካርታው ጋር አስተያየ፤ ሁሉም ልክ ነበር። ልደታን አለፉ። ከዚያ በኋላ ግን ባቡሩ ወደ መርካቶ በመታጠፍ ፈንታ ቀጥ ብሎ ሄዶ ጦር ኃይሎች ላይ አወረዳቸው። ለአገሩ እንግዳ ለሰዉ ባዳ ናቸውና፣ መሽቶባቸው በሰው እርዳታ በታክሲ ተመለሱ። ልጁ፣ «ጋሼ፣ ካርታው ልክ ነው፤ የት ወርደን የትኛውን ባቡር እንደምንይዝ ግን አጣሁበት» አለኝ። እናቴም ስልኩን ተቀብላ፣ «ልጄ፣ ሰማያዊውን ያዢ ብትለኝ ኖሮ እኮ እደርስ ነበር!» አለችኝ።

የሚከተለው ትምህርት በዚህችው ቃሏ ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀ ነው።

ሀ. ሁለት ዓይነት ካርታ

ካርታ ሁሉ ለአንድ ሥራ አይውልም። የመልክዐ ምድር ካርታ «ይህ ቦታ የት ይገኛል? ከዚያኛውስ ምን ያህል ይርቃል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። መሬት ለሚለካና መንገድ ለሚቀይስ ሰው ይህ የግድ ነው። የመሥመር ካርታ ግን የተሳፋሪ ነው። ተሳፋሪ መሪ አልጨበጠም፤ ኩርባውን ቢያውቀውም ባያውቀውም ነጂው ያዞርለታል። እርሱ የሚጠይቀው አራት ነገር ነው፤

1. ከየት ልሳፈር?
2. የትኛውን፣ ወደየትኛው አቅጣጫ የሚሄደውን ልያዝ?
3. የት ወርጄ ልቀይር?
4. የት ልውረድ? ስንት ጣቢያስ ቀረኝ?

ለእነዚህ ለአራቱ መልስ የማይሰጥ ነገር ሁሉ፣ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ ለተሳፋሪው ሸክም ነው። የእኔ ካርታ ስሕተት አልነበረበትም፤ የተሠራው ግን ለተሳፋሪ ሳይሆን ለጂኦግራፊ መምህር ነበር።

ለ. የለንደኑ ነዳፊ

ይህን ነገር በደንብ ያስተዋለ ሰው ሃሪ ቤክ ይባላል። ቤክ በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር በምልክት ክፍል የንድፍ ሠራተኛ ነበር እንጂ የጂኦግራፊ ሊቅ አልነበረም። በጊዜው የነበረው ካርታ መሥመሮቹን በእውነተኛ ኩርባቸውና ርቀታቸው ያሳይ ስለነበር፣ በከተማው መካከል ጣቢያዎቹ ተፋፍገው ስማቸውን ማንበብ ያስቸግር ነበር። ከከተማው ወጣ ባሉት መንደሮች ግን ጣቢያዎቹ ተራርቀው ወረቀቱን በከንቱ ይፈጁት ነበር።

ቤክ እ.ኤ.አ. በ1931 በትርፍ ጊዜው አዲስ ንድፍ አወጣ። የንድፉ ሕጎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መሥመር ሁሉ ወይ አግድም፣ ወይ ቀጥ ያለ፣ ወይ በ45 ዲግሪ የዘመመ ይሆናል። በጣቢያና በጣቢያ መካከል ያለው ርቀት በወረቀቱ ላይ እኩል ለእኩል ይጠጋል። እያንዳንዱ መሥመር የራሱ ቀለም አለው። ተራ ጣቢያ በአጭር ጭረት ይታያል፤ መቀየሪያ ጣቢያ ግን ከሩቅ የሚለይ ምልክት ይደረግበታል። ከመሬት በላይ ካለው ነገር ሁሉ ያስቀረው የቴምስን ወንዝ ብቻ ነው።

ኃላፊዎቹ በመጀመሪያ አልተቀበሉትም፤ ከተለመደው እጅግ የራቀ መሰላቸው። በኋላ ለሙከራ ጥቂት ታትሞ ሕዝቡ ስለወደደው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1933 በኪስ የሚያዘው ካርታ በብዙ መቶ ሺህ ታትሞ ታደለ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት አብዛኞቹ የከተማ ባቡር ካርታዎች የዚሁ ዘዴ ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ እጩ መምህር ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ቤክ ያጠፋው ብዙ ነው፤ ያላጠፋው ግን ቅደም ተከተሉንና መገናኛውን ነው። ከሀ ቀጥሎ ለ፣ ከለ ቀጥሎ ሐ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ሁለቱ መሥመሮች ይገናኛሉ። ይህ ከተናጋ ካርታው ውሸት ይሆናል።

ሐ. ማስቀረት ሲበዛ

ታዲያ ማቅለል መልካም ነው ብሎ ሁሉን መጣልም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1972 ማሲሞ ቪኜሊ የተባለ ንድፍ ዐዋቂ ለኒው ዮርክ እጅግ ንጹሕ ካርታ አወጣ። የንድፍ ሰዎች አደነቁት፤ ብዙ ተሳፋሪዎች ግን አጉረመረሙ። ሴንትራል ፓርክ የተባለው፣ በእውነቱ ረጅምና አረንጓዴ የሆነው መናፈሻ፣ በካርታው ላይ አራት ማዕዘንና ግራጫ ሆኖ ታየ። ውኃውም ሰማያዊ አልነበረም። በኒው ዮርክ ብዙው ጎዳና በቁጥር የተሰየመ ስለሆነ ነዋሪው የትኛው ከየትኛው አጠገብ እንደሆነ ያውቃል፤ ካርታው ከሚያውቀው ጋር ሲጣላበት ደግሞ ማመን ይተዋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1979 ወደ መልክዐ ምድሩ በቀረበ ካርታ ተተካ። ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የከተማው ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እንደገና ወደ ቀላሉ ንድፍ ተመልሷል።

በለንደንም እ.ኤ.አ. በ2009 ወንዙ ከካርታው ላይ ቢወጣ ሕዝቡ አቤት አለና ተመልሶ ገባ። ወንዙ ባቡር አያሳፍርም፤ ሆኖም ሰው «እኔ ከወንዙ ወዲህ ነኝ ወይስ ወዲያ?» ብሎ ራሱን የሚያገኝበት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ሕግ ይህ ነው፤ ሁሉን ጣሉ፣ ነገር ግን ሰዉ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ነገር አስቀሩለት።

መ. ፊደል ላልቆጠረ መንገደኛ

የሜክሲኮ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በዚያን ጊዜ ማንበብ የማይችሉ ብዙ ተሳፋሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ላንስ ዋይማን የተባለው ንድፍ ዐዋቂ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ለየጣቢያው ከስሙ በተጨማሪ ሥዕል ሰጠው። ለምሳሌ ቻፑልቴፔክ የሚባለው ጣቢያ ምልክቱ ፌንጣ ነው፤ ስሙ በአገሬው ጥንታዊ ቋንቋ የፌንጣ ኮረብታ ማለት ነውና። ያልተማረች እናትም፣ ሕፃንም፣ የውጭ አገር እንግዳም «ከፌንጣው ጋ ውረድ» ሲባሉ ይገባቸዋል። ዛሬ የሚነበበው ስም ለሁሉ በተዳረሰበት ጊዜ እንኳ ሥዕሎቹ አልተነሡም።

እዚህ ላይ ስለ ቀለም አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በተለይ ከወንዶች ልጆች መካከል ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው አሉ፤ ብዙውን ጊዜም ራሳቸው አያውቁትም። ስለዚህ ሁለቱን ቀለሞች ለሁለት መሥመሮች አጠገብ ለአጠገብ አትጠቀሙ፤ በቀለሙ ላይም የመሥመሩን ስም ወይም ቁጥር ጻፉበት።

ሠ. የአዲስ አበባው ባቡር በዚህ ዘዴ ሲታይ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን ደቡብ መሥመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የምሥራቅ ምዕራቡ ደግሞ ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከጥቂት ቦታ በስተቀር ከመሬት በታች አይሄድም፤ ወይ በመሬት ላይ ወይ በድልድይ ላይ ነው። ሲከፈት የነበሩት ጣቢያዎች 39 ናቸው። ከአያት ጦር ኃይሎች 22፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ 22 ይሆናሉ። «22 እና 22 እኮ 44 ነው!» የሚል ተማሪ ይነሣል፤ መነሣትም አለበት። አምስቱ ጣቢያዎች የጋራ ስለሆኑ ሁለት ጊዜ ተቆጥረዋል። እነርሱም ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ እድና ልደታ ናቸው። ይህ ለሒሳብ ክፍለ ጊዜም ጥሩ ምሳሌ ነው።

የምሥራቅ ምዕራቡ ባቡር ቀለም አረንጓዴ፣ የሰሜን ደቡቡ ሰማያዊ ነው። በአምስቱ የጋራ ጣቢያዎች ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ላይ እየተከታተሉ ያልፋሉ። ችግሩም መፍትሔውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ከመገናኛ የመጣ ሰው ስታዲየም ላይ ወርዶ፣ ከቆመበት መድረክ ሳይነቃነቅ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰማያዊ ባቡር ቢጠብቅ ጎጃም በረንዳ ይደርሳል። የእኔ ካርታ ሐዲዱ አንድ መሆኑን በትክክል አሳይቶ ነበር። አንድ ሐዲድ ስለሆነም አንድ ቀጭን መሥመር ብቻ አሰመርኩለት። ለተሳፋሪ ግን እዚያ ቦታ ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ ሁለት መሥመሮች ጎን ለጎን መሰመር ነበረባቸው፤ እርሱ የሚሳፈረው ሐዲዱን ሳይሆን ባቡሩን ነውና።

የስም ነገርም አለ። ጉርድ ሾላ 1 እና 2፣ ሃያ ሁለት 1 እና 2፣ ንፋስ ስልክ 1 እና 2 የሚባሉ ጣቢያዎች አሉ። እንዲህ ያሉትን ስሞች ስትጽፉ ቁጥሩ ከስሙ እኩል ጎልቶ ይታይ፤ አለዚያ መንገደኛው ስሙን ብቻ አንብቦ አንድ ጣቢያ ቀድሞ ይወርዳል።

ረ. የእኛው ሁለት መሥመሮች

«እኛ አገር ባቡር የለ፤ ይህ ለምን ይጠቅመናል?» የሚል ይኖራል። ከየጥኖራ፣ ከቢቸናና ከሞጣ አካባቢ የመጣችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው የአባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን ሲደርስ መንገዱ ሁለት ይሆንበታል። አንደኛው በሉማሜ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በአማኑኤል፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመራዊ ባሕር ዳር ይገባል። ሁለተኛው በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ እዚያው ይደርሳል። ሁለት መሥመር፣ ሁለት መገናኛ፤ ይኸው የመሥመር ካርታ!

«ባሕር ዳር» የሚል አይቶ በየት በኩል እንደሚሄድ ሳይጠይቅ የተሳፈረ የሞጣ ልጅ ደብረ ማርቆስ ሊያድር ይችላል። የጻፉለት ስም መጨረሻውን ነው፤ እርሱ የሚወርደው ግን መካከል ላይ ነው። ስለዚህ በካርታም ሆነ በሰሌዳ ላይ መጨረሻው ብቻ ሳይሆን «በየት በኩል» የሚለው አብሮ ይጻፍ።

ለንደን ቴምስን እንዳስቀረች እኛ አባይን እናስቀራለን። አባይ ከጣና ወጥቶ ሞጣንና ቢቸናን በምሥራቅ እየዞረ ከደጀን በታች ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ጎጃምን እንደ ክንድ አቅፎ የያዘው ይህ ወንዝ በካርታው ላይ ካለ፣ ሕፃኑ ቤቱን ያገኛል። ጮቄ ተራራም በሁለቱ መሥመሮች መካከል በአንዲት ትንሽ ምልክት ሊቀመጥ ይችላል። ሌላው ይቅር።

ሰ. አሠራሩ

የሚያስፈልገው ነገር በየትምህርት ቤቱ ይገኛል፤ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ፣ ማስመሪያ፣ ሁለት ቀለም፣ የለስላሳ ቆርኪ፣ ሲባጎ።

1. ጆንያውን አጥባችሁ ጽሕፈት የሌለበትን ጎን ወጥራችሁ አድርቁ።
2. በመጀመሪያ በጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሞክሩ። በአንድ ጊዜ ያማረ ካርታ የለም።
3. መሥመሮቹን አግድም፣ ቀጥ ያለና በ45 ዲግሪ ብቻ አድርጉ። ፕሮትራክተር ከሌለ አራቱ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ወረቀት ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እጠፉ፤ 45 ዲግሪ ይሰጣችኋል።
4. ጣቢያዎቹን በእኩል ርቀት አስቀምጡ። ለተራው ጭረት፣ ለመገናኛው በቆርኪ የተለካ ክብ አድርጉ።
5. ስሞችን ሁሉ አግድም፣ በአንድ ቁመት፣ በመሥመሩ አንድ ወገን ጻፉ። ስም በመሥመር ላይ አይለፍ። ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ሆናችሁ ካልተነበበ አተልቁት።
6. ለየከተማው ምልክት ይኑረው። ለባሕር ዳር ታንኳ፣ ለቢቸና የጤፍ ዘለላ፣ ለደጀን ድልድይ ሊሆን ይችላል። የሞጣን የሞጣ ልጆች ይምረጡት፤ ራሳቸው የመረጡትን አይረሱትም።
7. ከግርጌው የተሠራበትን ዓመተ ምሕረት ጻፉ። መንገድ ይለወጣል፤ ቀን የሌለው ካርታ ሲያረጅ ያሳስታል።

ሸ. ስለ ርቀት የምንናገረው እውነት

የመሥመር ካርታ ስለ ርቀት ይዋሻል፤ ይህን ከተማሪ መደበቅ አይገባም። በለንደን ሌስተር ስኩዌርና ኮቨንት ጋርደን የሚባሉት ጣቢያዎች በመካከላቸው ከ300 ሜትር ያነሰ ነው ያለው። ካርታውን ብቻ ያየ እንግዳ ግን በእግሩ በጥቂት ደቂቃ የሚደርስበትን በባቡር ይሄዳል። በእኛም ካርታ ላይ ሁለቱ የባሕር ዳር መንገዶች እኩል መስለው ይታያሉ፤ በእውነቱ በሞጣ በኩል ያለው ያጥራል። የጣቢያ ብዛትም ርቀት አይደለም። ስለዚህ በካርታው ጥግ ላይ «ይህ ካርታ ቅደም ተከተል እንጂ ርቀት አያሳይም» ተብሎ ይጻፍ፤ በአጠገቡም የመልክዐ ምድር ካርታው ይሰቀል። ሁለቱን አስተያይቶ «ይኸኛው ምን ይነግረናል? ያኛውስ?» ብሎ የጠየቀ መምህር ትምህርቱን በግማሽ ጨርሷል።

ቀ. ፈተናው

ካርታው ማማሩን እናንተ አትፍረዱ። መንገዱን ሄዶ የማያውቅ አንድ ሰው ጥሩ፤ ቢቻል አንድ ሕፃንና አንድ ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንት። «እርስዎ ከደጀን ተነሥተው ሞጣ መሄድ ይፈልጋሉ እንበል፤ እስቲ በጣትዎ ያሳዩኝ» በሉና ዝም በሉ። አፋችሁን ከከፈታችሁ የተፈተነው ካርታው ሳይሆን ምላሳችሁ ነው። ጣታቸው የቆመበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። እዚያ ቦታ ላይ የተሳሳተው ነዳፊው ነው እንጂ ተፈታኙ አይደለም። አርማችሁ በሌላ ሰው እንደገና ፈትኑ።

መልመጃ

1. ከሳሪስ ተነሥቶ መገናኛ የሚሄድ ሰው ስታዲየም ላይ ሲወርድ በዚያው መድረክ ላይ ይጠብቅ ወይስ ወደ ማዶ ይሻገር? ለምን? ካርታችሁ ይህን ያሳያል?
2. ወደ መርጡለ ማርያምና ወደ የዱሃ የሚወስዱትን ቅርንጫፎች መንገደኛ ጠይቃችሁ በጎጃሙ ካርታ ላይ ጨምሩ።
3. ከቤታችሁ እስከዚህ ተቋም ያለውን መንገድ ከአሥር ቃል ባልበለጠ ጽሑፍ ንደፉና ለጓደኛችሁ ስጡት። ምን ብሎ ጠየቃችሁ?

በመጨረሻ የእናቴን ነገር ላጠቃልል። በ2011 ዓ.ም. ከልጁ ጋር ተመልሳ ስትሄድ የሰጠኋቸው ወረቀት ከመዳፍ አይበልጥም ነበር። አንድ አረንጓዴ መሥመር፣ አንድ ሰማያዊ መሥመር፣ በመካከላቸው አንድ ክብ። ለእናቴ ደግሞ በነጠላዋ ጫፍ ሰባት ባቄላ፣ በሌላው ጫፍ ዘጠኝ ባቄላ ቋጠርኩላት። ከመገናኛ እስከ ስታዲየም በየጣቢያው አንድ አንድ ባቄላ ታወጣለች፤ ሰባቱ ሲያልቅ ወርዳ ሰማያዊውን ትይዛለች፤ ከዚያ ዘጠኙን ትጀምራለች። ዘጠነኛው ባቄላ ሲያልቅ ጎጃም በረንዳ ነው። ደወለችልኝና፣ «ልጁ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ እኔ ነኝ ቀስቅሼ ያወረድኩት» አለችኝ።

እንግዲህ እጩ መምህራን፣ በየገጠሩ ስትመደቡ ጆንያውን ወጥሩ፣ ማስመሪያውን አንሡ። ከመጀመሪያው መሥመር በፊት ግን «ይህን ይዞ የሚሄደው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ።